የጎረቤት ቆርቆሮ፣ የራስ ግድግዳ

«አንድ ሰው ነበረ፤ እጁ ጥሩ ነው፣ ዓይኑ ግን ሰው ቤት ነው የሚውለው።»

እትዬ ጥሩወርቅ እንዲህ ብለው ከጀመሩልኝ ብዙ ዓመት ሆነ። ያኔ ልጄ የሰባት ወር ነበረች፤ ዛሬ የራሷን ደብተር ይዛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። የነገሩኝን ግን አልረሳሁትም። አንዳንዱን በራሳቸው ቃል፣ አንዳንዱን እኔ እንደገባኝ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ የተከራየንበት ግቢ ባለቤት ነበሩ። በወጣትነታቸው የብረት የውሃ ታንከር የሚሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ ቀለም ሲበጠብጡ ነው የኖሩት። የጥፍራቸው ሥር እስከዚያን ጊዜ ድረስ ግራጫ ነበር።

ጥያቄውን የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ። ሐረገወይን የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ፤ በአጥር ነው የምንለያየው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ እኔ አግብቼ ቀረሁ፣ እሷ ቀጠለች። እትዬን በጠየቅኋቸው ወቅት የነርስ ተማሪ ሆና ነበር። ጠዋት ጠዋት ነጭ ገዋኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ በበራችን ስታልፍ እኔ የልጄን የሽንት ጨርቅ አሰጣለሁ። ከገመዱ ኋላ ሆኜ ጫማዋን አያለሁ። ደረቷ ላይ የሚወዛወዘውን መታወቂያዋን አያለሁ። «እንዴት አደርሽ?» ስትለኝ ጨርቁን እያራገፍኩ ያልሰማሁ እመስላለሁ። ምንም ያደረገችኝ ነገር አልነበረም። ይበልጥ የሚያበግነኝም እሱ ነበር፤ አንድ ክፉ ነገር ብታደርገኝ ኖሮ እፎይ ባልኩ ነበር።

አንድ ቀን ገበያ ስሄድ፣ በሦስት ወር የሙያ ወረቀት እንሰጣለን የሚል ማስታወቂያ ምሰሶ ላይ ተለጥፎ አየሁ። የምን ሙያ እንደሆነ እንኳ አላነበብኩም። «በሦስት ወር» የሚለው በቃኝ። ልጄን ጡት አስጥዬ ገጠር እናቴ ዘንድ ልልካት ቆረጥኩ። ልብሶቿን በአሮጌ ነጠላ ቋጠርኩ። ለእትዬ ጥሩወርቅ ይህንኑ ልነግራቸው ገባሁ፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እትዬ፣ ሐረገወይን በምን በለጠችኝ? አንድ ዴስክ ላይ አልነበርንም እንዴ? እኔ ለምንድን ነው እንደሷ ያልሆንኩት?»

እሳቸው ምስር ይለቅሙ ነበር። ቀና ብለው እኔን ሳይሆን በእጄ የያዝኩትን ቋጠሮ አዩት። ከዚያ ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ አመቻችተው ነገሩኝ።

አንድ ሰው ነበረ። ቀለም ቀቢ ነው። አጥብቆ የሚሠራ፣ ቆርቆሮውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠርጎ የሚጨርስ፣ ብሩሹን አጥቦ የሚያሳድር ሰው። አንድ ቀለም ቀቢ ጎረቤትም ነበረው። ሁለቱም ሙያውን ከአንድ መምህር ነው የተማሩት። ጎረቤትየው ሲሠራ ያንጎራጉራል፤ ሰው ይወደዋል። ይኼኛው ዝምተኛ ነው። ጎረቤቱ በሩን አረንጓዴ ሲቀባ እሱም አረንጓዴ ይቀባል። ጎረቤቱ ዘንድ እንግዳ ሲገባ እሱ በመስኮት ይቆጥራል። ሲመሽ ለሚስቱ «ዛሬ አራት ሰው ገባ» ይላታል። ሚስቱም «እኛ ዘንድስ ማን ገባ?» ብትለው «አላየሁም» ይላል።

በዚያ አገር ላይኛው ሰፈርና ታችኛው ሰፈር የሚባሉ ነበሩ። ሴቶቹ ውሃ ከወንዝ ነበር የሚቀዱት። ሽማግሌዎቹ መከሩና ለሁለቱ ሰፈር ሁለት የብረት ታንከር አስመጡ። ብረት ሳይቀባ ውሃ ከያዘ ይዝጋል፤ ስለዚህ ውስጡ መቀባት አለበት። ላይኛውን ለጎረቤትየው፣ ታችኛውን ለዚህ ሰው ሰጡ። «ከእጃችሁ የምንጠጣው ነውና አደራ» አሏቸው።

ቀለሙ እንደ በርና እንደ መስኮት ቀለም አይደለም። ኢፖክሲ ይሉታል። በሁለት ቆርቆሮ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ቀለሙ ነው፣ ሌላው ማጠንከሪያው። አራት ጣሳ ከቀለሙ፣ አንድ ጣሳ ከማጠንከሪያው ይለካና ይበጠበጣል። ሌላው ቀለም ንፋስ ሲያገኝ ይደርቃል፤ ይህ ግን በንፋስ አይደለም። የቀለሙ ቅንጣት የማጠንከሪያውን ቅንጣት ፈልጋ እጇን ትይዛለች፤ ያቺም ሌላዋን ትይዛለች፤ ሁሉም እጅ ለእጅ ሲያያዝ ነው የሚጠነክረው። ልኩ የተቆረጠው ለዚህ ነው፤ ማንም ያለ ጥንድ እንዳይቀር። ተቀብቶ ሲያበቃ ደግሞ ሰባት ቀን ውሃ ሳይነካው ይጠበቃል። መምህራቸው ይህን ለሁለቱም አስተምሯቸዋል።

ሁለቱም በአንድ ቀን ጠዋት የመጨረሻውን እጅ ቀቡ። ቅቡ ስስ ነው፤ ከወረቀት ብዙም አይወፍርም። ቀትር ላይ ያ ሰው ከታንከሩ ወጣና ግድግዳውን በአውራ ጣቱ ነካው። ተጣበቀበት። እንደ ማር ክር እየሰጠ ተከተለው።

«የሱስ እንዴት ሆኖ ይሆን?» አለ።

ብሩሽ ለመዋስ የሚሄድ መስሎ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣ። ጎረቤትየው ታንከሩ ውስጥ ሆኖ ያንጎራጉራል፤ ድምፁ በብረቱ ውስጥ ይጎላል። ከታንከሩ ሥር፣ መሰላሉ አጠገብ፣ ቀለም የተበጠበጠበት ቆርቆሮ ተቀምጧል፤ ግማሽ ክንድ ያህል ትርፍ ቀርቶበታል። ያ ሰው ጎንበስ ብሎ ነካው። ትኩስ ነው። በጠጠር መታው፤ ቀጭ አለ። ደግሞ መታው። ድንጋይ ሆኗል።

የእሱ ገና ይጣበቃል፣ የጎረቤቱ ድንጋይ ሆኗል!

እዚህ ላይ እትዬ ጥሩወርቅ ምስሩን መልቀም ትተው ጣታቸውን አነሡ። «ልብ በይ ልጄ» አሉኝ። «ይህ ቀለም ብዙ ሆኖ አንድ ላይ ሲቀመጥ እርስ በርሱ ይሟሟቃል። እጅ ለእጅ ሲያያዝ ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀቱ መሄጃ ሲያጣ ሌላውን ያጣድፈዋል፤ ቆርቆሮ ውስጥ በአንድ ሰዓት ድንጋይ ይሆናል። ብረት ላይ በስሱ የተቀባው ግን ሙቀቱን ብረቱ ይወስድበታል። ስለዚህ በቀስታ ነው የሚያያዘው። ቀለሙ ያው ነው፤ ልኩ ያው ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት በጥብጬዋለሁ፤ ጣቴንም አቃጥሎኛል።»

ከዚያ ወደ ሰውየው ተመለሱ።

ያ ሰው በራሱ ቆርቆሮ ላይ እንዳያየው ትርፍ አላስቀረም፤ የበጠበጠውን ጠርጎ ጨርሶታል። መሰላሉ እዚያው ነበር። አምስት እርምጃ ወጥቶ የጎረቤቱን ግድግዳ በጣቱ ቢነካ ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ። ግን እንዴት አድርጎ? «ወንድሜ፣ የእኔ አልጠነከረም፤ ያንተ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህን ከሚል ምላሱ ቢቆረጥ ይሻለዋል። ሳይጠራው ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደ።

መንገዱን ሙሉ አሰበ። «መምህራችን ለሱ የነገረው፣ ለእኔ የደበቀው ነገር አለ» አለ። «ማጠንከሪያውን ያበዛል ማለት ነው። እሱ ነው ምሥጢሩ።»

ታንከሩ ጋ እንደደረሰ በትርፍ የተሰጠውን ቀለም ከፈተ። አራት ጣሳ ለካ። ከማጠንከሪያው አንድ ጣሳ ጨመረ። ሁለተኛውንም ጣሳ ገለበጠው። በጥብጦ፣ ገና በሚጣበቀው ግድግዳ ላይ ሌላ አንድ እጅ ደረበበት።

እንዳሰበውም ሆነ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግድግዳው ጣት መያዝ ተወ። ሰውየው ከደስታው ብዛት ታንከሩ ውስጥ ብቻውን ሳቀ። ወጥቶ ሽማግሌዎቹን «ሰባት ቀን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ነገ ሙሉት» አላቸው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ላይኛው ሰፈር ገና ሰባት ቀን ይላሉ እኮ» አለ።

«እሱ ይዘገያል» አለ ያ ሰው። ይህን ቃል ስንት ዓመት ሲጠብቀው ኖሯል!

በማግስቱ ታንከሩ ተሞላ። የታችኛው ሰፈር ሴቶች እልል አሉ። ያ ሰው መንገዱ ባይሆንም በጎረቤቱ በር በኩል ዞሮ አለፈ፤ ጮክ ብሎም ሰላምታ ሰጠ።

«ሞላችሁት እንዴ?» አለ ጎረቤትየው ደንግጦ። «ጠንክሯል?»

«እንደ ድንጋይ።»

«የእኔ ገና ነው። ዛሬም ጥፍር ይገባበታል።»

ያ ሰው ሳቀ። እውነቱ ከጎረቤቱ አፍ ወጥቶ ጆሮው ውስጥ ገባ፣ እሱ ግን «ሊያሞኘኝ ነው» አለ። ቆርቆሮውን በገዛ እጁ መትቶታል፤ ማንን ሊያታልል!

በሦስተኛው ቀን ከታችኛው ሰፈር አንዲት አሮጊት ቀድታ ወደ ቤቷ ያስገባችውን እንስራ ተሸክማ ተመለሰች። በሰው ፊት አስቀመጠችውና «ኑ እስቲ አሽትቱት» አለች። «እኔ ውሃ ነበር የቀዳሁት። ይኼ የበሰበሰ ዓሣ ነው የሚሸተው። ዓሣውን ማን ወሰደብኝ?»

ሰው ሳቀ። ልጇን አዝላ የቆመች አንዲት ሴት ግን አልሳቀችም። «በዚህ ነው ልጄን ያጠብኩት» አለች። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም።

ውሃው ተደፋ። ያ ሰው ፋኖስ ይዞ ገባ። ግድግዳው ወተት ላይ እንደሚሰፍ ስልባቦት ነጭ ሆኗል። በጥፍሩ ነካው፤ ተልጦ እጁ ላይ ቀረ። ነጩም ሽታውም ጥንድ ያጣው ማጠንከሪያ ነው። እጅ የሚሰጠው አጥቶ ዝም ብሎ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ላዩን ሲያዩት የጠነከረ ይመስላል፣ ውሃ ሲያገኘው ግን ወጣ። ያ ሰው ታንከሩ ወለል ላይ ተቀመጠ። ውጭ ሴቶቹ ወንዝ ለመውረድ እንስራቸውን ሲያነሡ ይሰማዋል። ስሙን ሲጠሩም ይሰማል።

በሰባተኛው ቀን ላይኛው ታንከር ተሞላ። ውሃው ጥሩ ነበር። የታችኛው ሰፈር ሴቶች ዳገቱን ወጥተው ከላይኛው ይቀዱ ጀመር፤ እያንዳንዷ በዚያ ሰው በር ነው የምታልፈው። እሱ መስኮቱን ዘጋ። የሚቆጥረው ሞልቶ ተርፎ ሳለ መቁጠር ተወ።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤትየው ነው፤ ሁለት መፋቂያ ይዟል።

«ና» አለው።

«ልትስቅብኝ ነው?»

«ና አልኩህ እኮ።»

ወደ ላይኛው ሰፈር ወሰደው። መሰላሉን አስወጣውና የታንከሩን አፍ ከፈተ። ከአፉ ሥር፣ ውሃው ከማይደርስበት ቦታ ላይ፣ ቀለሙ ውስጥ አንድ የአውራ ጣት አሻራ አለ። መስመሮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ጠንክሮ እዚያው ቀርቷል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ያ ሰው።

«የእኔ ጣት ነው። ታንከሬ ሥር የመጣህ ቀን፣ ቀትር ላይ የነካሁት ነው። እንደ ማር ይጣበቅ ነበር።»

ያ ሰው አውራ ጣቱን አሻራው ላይ አደረገው። ልክ ገባበት።

«ቆርቆሮውን ስትመታው ሰምቼሃለሁ» አለ ጎረቤትየው። «ሁለቴ። መሰላሉን ትወጣ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ብትጠራኝ እወርድልህ ነበር። ዝም ስትል እኔም ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም።»

ሁለቱም ወደ ታችኛው ወርደው ግድግዳውን ይፍቁ ጀመር። ነጩ ስልባቦት በመፋቂያው እየተጠቀለለ ወረደ። በብዙ ቦታ ከሥሩ ግራጫ ወጣ። ጎረቤትየው መፋቂያውን ጠበቅ አድርጎ ሞከረው፤ አልገባለትም።

«ይህኛው የማን ነው?» አለው።

ያ ሰው ተጠግቶ አየ። ያን ዕለት ጠዋት ልኩን ጠብቆ የቀባው፣ ይጣበቃል ብሎ ያፈረበት፣ የራሱ ግድግዳ ነው። ከዚያ ሁሉ ሥር ሆኖ በቀስታ ሲጠነክር ሰንብቷል። ያን ጊዜ አለቀሰ ይባላል።

እትዬ ጥሩወርቅ እዚህ ላይ አበቁ። ሰፌዱን ከጉልበታቸው ወደ መሬት አወረዱና ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ሐረገወይንን የምታዪያት በበራችን ስታልፍ ነው፤ ያ ቆርቆሮዋ ነው። ግድግዳዋን ነክተሽ አታውቂም፤ እንዴት አደርሽ ስትልሽ እንኳ ጨርቅ ታራግፊያለሽ። አንቺ ደግሞ በቤቱ፣ በባልሽ፣ በልጅሽ ላይ በስሱ ተቀብተሻል። ሙቀትሽን እነሱ ይወስዱታል። ታዲያ እንዴት ብለሽ ነው በአንድ ሰዓት ድንጋይ የምትሆኚው? መዘግየት መበላሸት አይደለም። ይህ የሦስት ወር ወረቀት ሁለተኛው ጣሳ ነው። ተማሪ፤ አትማሪ አላልኩሽም። በቅናት አትለኪው ነው የምልሽ። ቅናት ጥንድ የለውም፤ ማንም እጁን አይሰጠውም። ውስጥሽ ይቀመጣል፣ ላይሽ የጠነከረ ይመስላል። አንድ ቀን ውሃ ሲነካሽ ይወጣል። ጠረኑን ደግሞ መጀመሪያ የምታሸተው ይህችው ልጅሽ ናት።»

አንገቴን ደፋሁ። «እትዬ፣ ያ ሰው ማን ነው?» አልኳቸው።

«አንድ ሰው ነበረ አልኩሽ እኮ» አሉና ሰፌዳቸውን አነሡ።

ወደ ቤቴ ገብቼ ቋጠሮውን ፈታሁ። የልጄን ልብሶች አንድ በአንድ ወደ ነበሩበት መለስኩ። ቅናቱ ግን አብሮ አልተፈታም፤ ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል። ከሰዓት በኋላ የሐረገወይን ጫማ ኮቴ በበራችን ሲያልፍ እንደ ወትሮው ተደብቄ ጫማዋን አየሁ።

ቢሆንም ልጄን አዝዬ ወጣሁ። አጥሩን ዞሬ በራቸውን አንኳኳሁ። እሷው ከፈተች፤ አንድ እግሯ ባዶ ነው፣ ገና ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ተረከዟ ቆስሏል።

«አንቺ!» አለች።

«የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ደብተርሽ ይኖራል?» አልኳት። «ካቆምኩበት ላየው ነው።»

ገብታ ከአልጋ ሥር ከካርቶን ውስጥ አወጣችው። ገለጥኩት። ገጹ በቀይ ስክሪብቶ ሞልቷል፤ ኤክስ፣ ኤክስ፣ ኤክስ። አንዱ ገጽ ላይ ቀለሙ በውሃ ተበልቶ ቃሉ አይነበብም።

«አለቀስሽበት እንዴ?»

«ዘጠነኛን እኮ ደግሜአለሁ» አለችኝ። «ሰላምታ ስትከለክይኝ ለማን ልንገር?»

አውራ ጣቴን ቀለሙ በተበላው ቦታ ላይ አሳረፍኩና እዚያው ደፉ ላይ፣ አጠገቧ፣ ተቀመጥኩ።